ለቁንጫ የሚሆን ሞላ

ጥቅምት 3

ለተከበሩ አጎታችን፤

እንደምን ከረሙ ጋሼ? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ በሰው አገር እንደ ቤትዎ ያኑርልን። እኛ ደህና ነን። የእህትዎ ልጅም ደህና ነው፤ እጁ ስላልቦዘነለት ብዕሩን ለእኔ ሰጥቶኛል። ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ቢመስልብዎ አይሳቁብኝ፤ የእኔ ሥራ ስፌት ነው።

ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ መኪናዋ፣ ስለ ቁንጫ ነው። ለእኛ ትተዋት ሲሄዱ ስሟንም አብረው ነው የተዉልን፤ ያኔም ትዘል ነበር። አሁን ባሰባት። ሞተሯ እንደ ድሮው በአንድ ቁልፍ ይነሳል፤ ችግሩ ከሥር ነው። ከቤታችን እስከ ዋናው መንገድ ያለው አስፋልት ለውኃ ቱቦ ተብሎ ተቆፈረ፤ ቱቦው ገባ፣ አፈሩ ተመለሰ፣ አስፋልቱ ግን በዚያው ቀረ። ዋናው መንገድ ላይ ደግሞ አሥራ አንድ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ። ቆጥሬዋለሁ። ስንወጣው ወገብ ይነካል፣ ስንወርደው ጥርስ ያጋጫል።

የሰፈራችን መካኒክ አሞርዛተሩ አልቋል ይላል። ከእሱ ጋር የሚሠራው ደግሞ ሞላው ነው ይላል። አንድ ሦስተኛ ሰው መጥቶ፣ «ዝቅ ብናደርጋት ታምራለች» አለኝ። እኔ እንድታምር አልፈለግኩም። በሳምንት ሦስት ቀን የሚሰበር ነገር ይዤ እሄዳለሁ፤ እንዳይናጥብኝ ነው የምፈልገው። እርስዎ ዕድሜዎን ከመኪና ሥር በጀርባዎ ተኝተው የጨረሱ ሰው ነዎት። ምን ብቀይር ይሻላል? የሚሉኝን አደርጋለሁ።

አክባሪዎ፣ የባለመስታወቱ ሚስት


ኅዳር 6

ለልጄ ሚስት፣ ለእኔም ልጄ፤

ሰላምታዬ ከደጃፋችሁ እስከ ጓዳችሁ ይድረስ። ፈጣሪ ቤታችሁን አይፍታው፣ እጃችሁን አያጥፈው። ደብዳቤሽ ሦስት ጊዜ ተነበበ። የቁንጫን ስም ስሰማ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ይቺ መኪና እኔንም ሳትቀብር አትሞትም።

አሁን በደንብ ስሚኝ። ሞላ ልጅ ነው። ከነኩት መዝለል እንጂ ማቆም አያውቅም። አሞርዛተር ሞግዚቱ ናት፤ «በቃ፣ ተቀመጥ» የምትለው እሷ ናት። ሞግዚቷ ስታረጅ ልጁ ሲዘል ይውላል። መካኒኩ ይዋሽ አይዋሽ ለማወቅ ከፈለግሽ የመኪናዋን ማዕዘን በሁለት እጅሽ ወደ ታች ተጫኚና ልቀቂ። አንዴ ተነስታ ከቆመች ደህና ናት። ሁለቴ ሦስቴ እሺ እሺ ካለችሽ አሞርዛተሩ አልቋል።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ ሰው ሁሉ ለስላሳ ይላል። ለስላሳ ለሽርሽር ነው። እናንተ የምትጭኑት መስታወት ነው፤ ያውም በጣራ ላይ፣ እሱ በሠራው የእንጨት ማቆሚያ፣ ቆሞ የሚሄድ። ቆሞ የሚሄድ መስታወትን ጉብታ አይሰብረውም። የሚሰብረው ከጉብታው በኋላ ያለው መወዛወዝ ነው። ከኋላ የጭነት ሥሪቷን ወፍራም ሞላ እንዳስገባላት ከስድስት ዓመት በፊት ጽፎልኝ ነበር፤ ያኔም ጎሽ ብዬዋለሁ። የፊቷ ግን የድሮው ነው፤ ለዚህ ነው አፍንጫዋን እየደፋች የምትዘለው። ስለዚህ አራት በጋዝ የሚሠራ ጠንካራ አሞርዛተር፣ ለፊቷም ሁለት ወፍራም ሞላ እልካለሁ። ያን ዝቅ እናድርጋት ያለሽን ሰው ከግቢሽ አባሪው። እዚህም እንደ እሱ ያሉ ሞልተዋል፤ መኪናቸው መሬት ትስምና እነሱ ወገባቸውን ይዘው ይወርዳሉ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ ልጅ ምን ነክቶት ነው የማይጽፍልኝ? ድሮ ስለ እያንዳንዱ መስኮት ይጽፍልኝ ነበር። ሥራ በዛ ማለት ለአጎት ሁለት መስመር አይገኝም ማለት ነው? ሁለት መስመር ይበቃኛል።

አጎታችሁ


ታኅሣሥ 29

ለተከበሩ አጎታችን፤

ጤና ይስጥልን፣ ከክፉ ይሰውርልን። ሣጥኑ በደህና ደርሶናል። መካኒኩ ዕቃውን ሲያይ፣ «ይህን የላከ ሰው ሥራ ያውቃል» ብሎ አራቱንም እያገላበጠ አየ። ያሉትን ማዕዘን የመጫን ነገር ሞክሬዋለሁ፤ አሁን ቁንጫ አንዴ ተነስታ ቀጥ ትላለች። እጅዎ ይባረክ። የእጅ ጽሑፍዎ ተለውጦ አየሁት፣ በጣም አምሯል። ደህና ነዎት?

አስቸገርሽኝ አይበሉኝ እንጂ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከዚህ ሌላ ለስለስ የሚል ነገር ይኖር ይሆን? መወዛወዙ ቀርቷል፤ ነገር ግን ጉብታው ላይ ስትወጣ ድንጋይ ላይ እንደ መቀመጥ ነው፣ ሁሉንም ወደ ውስጥ ታስተላልፋለች። እኛ የምንወስደው ነገር ደግሞ ቆሞ አይሄድም። ኋላ ወንበር ላይ ተጋድሞ ነው የሚሄደው።

እሱም ሰላም ብሎዎታል።

አክባሪዎ


ጥር 24

ለልጄ ሚስት፤

ሰላም ለቤታችሁ። የዛሬው ደብዳቤዬ አጭር ነው፣ ስለ ተናደድኩ።

መስታወት ተጋድሞ አይጫንም። ይህን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ገና ቁመቱ ከመስኮት በማይደርስበት ዘመን ነው ያስተማርኩት። ቢተኛ በራሱ ክብደት ይሰነጠቃል። እሱ ይህን ረስቶ ኋላ ወንበር ላይ መስታወት ያጋድማል ብትይኝ፣ በእጄ መብላት ረሳሁ ብሎኛል እንደ ማለት ነው፣ አላምንሽም። ደግሞ ኋላ ወንበር ላይ የሚገባ መስታወት ምን ያህል ነው? ለፎቶ ፍሬም ነው?

ሥራውን ትቶታል? ትቶት ከሆነ ይንገረኝ። ሰው ሥራ ይለውጣል፣ ነውር የለውም። እኔ ለማላውቀው ጭነት ሞላ መምረጥ አልችልም። ክብደቱ ስንት ነው? ምንድን ነው? ኋላ ወንበር ላይ በሳምንት ሦስት ቀን የሚጋደመው ምንድን ነው? እሱ ራሱ ይጻፍልኝ።

አጎቱ


የካቲት 11

ለተከበሩ አጎታችን፤

ፈጣሪ ልብዎን ያጽናልኝ። ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለው ያንብቡልኝ፤ አጠገብዎ ሰው ካለም ይቀመጥ።

ተጋድሞ የሚሄደው እሱ ነው።

ሐምሌ ላይ ከአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ የመስኮት መስታወት ሲያስገባ መወጣጫው እንጨት ከሥሩ ተነቀለ። አብረውት የነበሩት መስታወቱን ለቆት ቢሆን ምሰሶውን ይይዝ ነበር ይላሉ። ከሥር ሲሚንቶ የሚያቦኩ ሰዎች ነበሩና አልለቀቀውም። ከነመስታወቱ ወረደ። ከሰዎቹ አንዱም አልተነካም። የእሱ ወገብ ላይ ሁለት አጥንት ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ግራ እግሩን ትንሽ ያንቀሳቅሳል፣ ቀኙን ግን እሳት ይበላዋል፤ ሲነኩት አይደለም፣ አየሩ ራሱ ያመዋል። እግሩን ለመታሸትና ለቁስሉ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል እወስደዋለሁ። አምቡላንስ ለድንገተኛ እንጂ ለምልልስ አይሰጥም አሉኝ። ስለዚህ በቁንጫ ነው። የኋላ ወንበሯ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ይጋደማል፣ እኔ እነዳለሁ።

እንዳልነግርዎ ያስማለኝ እሱ ነው። «ጋሼ ከሰማ ሁሉን ጥሎ ይመጣል፤ ከመጣ ደግሞ መመለሻ የለውም» አለኝ። ደህና ነው ብዬ የጻፍኩልዎ በዚህ ነው። እጁ አልቦዘነም ያልኩትም ውሸት ነው። እጁ ቦዝኗል።

የላኩት ዕቃ በገባ ማግስት መንገድ ወጣን። የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ጮኸ። ከዚያ በፊትም ይጮህ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን የሰው ድምፅ አልመስል አለኝ። መሀል መንገድ ላይ አቆምኩ። ከኋላዬ ጥሩምባው ቀለጠ፤ አንድ የታክሲ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ፣ «ሴትዮ፣ መተኛት ካማረሽ ቤትሽ ግቢ» አለኝ። ወደ ኋላ ወንበሩ ዞር ብዬ ባሌን አየሁት። ሻርፔን ነክሶ ላብ አጥምቆታል። ጨርቁን ካፉ አወጣና፣

«ጋሼ የላከው አሞርዛተር አንደኛ ነው» አለኝ። «መስታወት ብሆን ኖሮ አልሰበርም ነበር።»

«እንመለስ?» አልኩት።

«ብንመለስም ያው ጉብታ ነው። ንጂ።»

የቀሩትን አሥር ጉብታዎች በአንደኛ ማርሽ ሄድኩ። በየጉብታው የፊት ጎማው ሲወጣ እሱ ትንፋሹን ይይዛል፣ እኔም እይዛለሁ። እዚያ ስንደርስ ሁለታችንም ከውኃ የወጣን እንመስል ነበር። ከመኪና ሲያወርዱት፣ «በገዛ እጄ ነው ያጠነከርኳት፤ የኋላውን ሞላ ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለ። ለማን እንዳለው አላወቅኩም።

ጋሼ፣ አይምጡ። ለስላሳ የሆነ ነገር ብቻ ይንገሩኝ።

ልጅዎ


መጋቢት 5

ልጄ፤

ሰላም የምለው ሰላም ስላለ አይደለም፣ ሌላ ቃል ስለ ቸገረኝ ነው።

አንቺ ከነገርሽኝ እኔም ልንገርሽ። የእጅ ጽሑፍዎ አማረ ያልሽው የእኔ አይደለም። ከጋራዡ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ዓይኔ ነው። መሀሉ ጠፍቶ ዳር ዳሩ ቀረልኝ፤ የሰው ፊት አየሁ ስል ጆሮውን ነው የማየው። ደብዳቤያችሁን የምታነብልኝና የምትጽፍልኝ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የምትኖር የአገራችን ልጅ ናት፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው የምትሠራው። ለእናንተ ያልነገርኳችሁ እሱ ሁሉን ጥሎ እንዳይመጣ ብዬ ነው። አየሽ ሥራችንን።

አልመጣም፤ አትፍሪ። መንገድ በሰው ክንድ የሚሻገር ሽማግሌ ላንቺ ሁለተኛ በሽተኛ ነው።

እኔ የላክሁት ብረት ነው ያስጮኸው። ሌሊቱን ሙሉ እሱን ሳስብ አደርኩ ብልሽ ምን ይጠቅምሻል? የሚጠቅምሽን ልንገርሽ።

መጀመሪያ፣ ከኋላ ወንበር አውርጂው። የኋላ ወንበር ከጎማው እኩል ነው፣ ጎማው የሚያየውን ሁሉ ያያል። ፊት ካንቺ ጎን አድርጊው፤ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ዘርግተሽ፣ ከሥሩ ስፖንጅ አንጥፊ። እዚያ ከፊትና ከኋላ ጎማ ትንሽ መሀል ይሆናል። ሁለተኛ፣ የጎማውን አየር አስቀንሺ፣ ብዙ ሳይሆን ሲጫኑት እንደ ብርቱካን ትንሽ እሺ እንዲል። ሦስተኛ፣ መካኒኩ ሞላውን ቆርጠን እናሳጥረው ካለሽ እጁን ያዥው። ሞላ ሲያጥር ይጠነክራል እንጂ አይለሰልስም። ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል።

የጋዙም አሞርዛተር፣ ወፍራሙም ሞላ፣ የኋላውም የጭነት ሞላ፣ ሁሉም ይውጣ። ትናንት ድሮ የምሠራበት ጋራዥ ሄድኩ። የቁንጫ ታናሽ የሆነች፣ ሞተሯ ትንሽ የሆነች ሥሪት አለች፤ ሞላዋ ቀጭን ነው። መጋዘን ውስጥ አስቀመጡኝና አንድ በአንድ አቀበሉኝ። በአውራ ጣቴ ነው የለካኋቸው። አራት ቀጭን ሞላና አራት የዘይት አሞርዛተር መርጫለሁ። የመረጥኩትን ሁለት ጊዜ ደግሜ ዳሰስኩ፤ ድሮ እንዲህ አላደርግም ነበር። መኪናዋ መስታወት መጫን አትችልም ከእንግዲህ። ሰው ትጫን።

ለእሱ፣ አጎትህ ያውቃል በይው። አልተቆጣም በይው።

አጎታችሁ


መጋቢት 27

ለተከበሩ አጎታችን፤

ፈጣሪ ዓይንዎን ይመልስልን። ደብዳቤዎን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ዓይንዎ ጋ ስደርስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቆይቶ፣ «ሁለታችንም ውሸታም ወጣን» ብሎ ሳቀ፣ ከወደቀ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም።

ያሉኝን አድርጌያለሁ። ፊት ወንበር ላይ ስፖንጅ አነጠፍኩ፣ የስፌት ቤት ቁርጥራጭ ጨርቅ አጭቄ ትራስ ሠራሁለት። ጎማውንም አስቀነስኩ። መካኒኩ በርግጥም ሞላውን እንቁረጠው ብሎ ነበር። «አጎቴ እጅህን እንድይዝ አዞኛል» አልኩት፤ አፈረ።

ለውጥ አለው ጋሼ። በየጉብታው አይጮህም አሁን፤ ትላልቆቹ ላይ ብቻ ነው፣ እሱም ባጭሩ። እኔ ግን ልማድ ሆኖብኝ ጉብታ በመጣ ቁጥር ከመንገዱ ይልቅ ፊቱን ነው የማየው። ባለፈው የሰው መኪና የጎን መስታወት ገጭቼ ነበር። ሣጥኑ እስኪመጣ ቀን እየቆጠርኩ ነው።

ልጅዎ


ሚያዝያ 12

ልጄ፤

ሰላምና ጤና። ሣጥኑ ከእጄ ወጥቷል። ጩኸቱ ቀንሷል ያልሽውን ሰምቼ ትንሽ ተኛሁ።

ለመካኒኩ ይህን አንብቢለት። የፊቱ አሞርዛተር ጫፍ ላይ ሞላው የሚቀመጥበት ኮፍያ አለ። የታናሽዋ ኮፍያ ከቁንጫ ኮፍያ እኩል መሆኑን በጣቴ ማረጋገጥ አልቻልኩም። እኩል ካልሆነ በመዶሻ አይሞክር። ቶርኖ ቤት ወስዶ ያስጠርበው። አንድ ቀን ቢዘገይ ይዘግይ።

እንዴት እንደሆነ ወዲያው ጻፊልኝ። ከእንግዲህ ደህና ነን ብቻ ብለሽ አትጻፊ።

አጎታችሁ


ሚያዝያ 30

ለተከበሩ አጎታችን፤

እንዴት አድርጌ እንደምመርቅዎ ጠፋኝ። ቀሪ ዘመንዎ እንደ ትናንቱ መንገዳችን ይሁንልዎ።

ሣጥኑ ሰኞ ደረሰ። ማክሰኞ ጠዋት መኪናዋንም ሣጥኑንም ጋራዥ ወስጄ ሰጠሁ፣ ደብዳቤዎንም አነበብኩለት። አመሻሹ ላይ ስሄድ መካኒኩ ለቅሶ ሄዷል፤ ጥበቃው ቁልፉን ሰጠኝና፣ «አልቋል፣ ውሰጃት» አለኝ። ረቡዕ መንገድ ወጣን።

አንድም ድምፅ አላሰማም ጋሼ። የተቆፈረውን አለፍን፣ ዝም። የመጀመሪያውን ጉብታ ወጣን፣ ዝም። ሦስተኛው ላይ ስደርስ አላመንኩም፤ «አመመህ?» አልኩት። «አላመመኝም» አለ። ሰባተኛው ላይ ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ። ያን ጊዜ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎት ነበር። የአሥራ አንደኛውን ቁልቁለት ስወርድ እያለቀስኩ ነበር፣ እሱ አላየኝም። ትናንት አርብም እንዲሁ ሄደን እንዲሁ ተመለስን። እኔ እንኳ ወንበሬ ላይ ሲለሰልስ ተሰማኝ።

ሳያዩ በአውራ ጣትዎ ለክተው የላኩት ሞላ ነው ይህን ያደረገው።

ልጅዎ


ግንቦት 19

ልጆቼ፤

ለሁለታችሁም ነው የምጽፈው።

ይቺ የፎቅ ጎረቤቴ ደብዳቤሽን ስታነብልኝ «ዝም» የሚለው ጋ እየደረሰች እንድትደግመው አደረግኳት። አሁን በቃሌ ይዤዋለሁ። አርባ ዓመት መኪና ሠርቻለሁ፤ ሰው አመሰግናለሁ ብሎኝ ያውቃል፣ እንዲህ ግን ተብዬ አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ያለ ዘንግ እስከ ዳቦ ቤት ሄጄ መጣሁ። መሄዴን የነገርኩሽ ለጉራ ነው።

ዘይቱ ሲሞቅ አሞርዛተሩ ይበልጥ ይለሰልሳል፤ ስለዚህ ገና ይሻላታል። አንተ ልጅ፣ እንግዲህ አሁን ስለማያምህ ቁጭ ብለህ ሁለት መስመር ጻፍልኝ።

አጎታችሁ


ሰኔ 10

ለተከበሩ አጎታችን፤

ፈጣሪ ያጽናዎ። ይህ ደብዳቤ ዘግይቷል። የእርስዎ የደስታ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ነገሩን ካወቅኩ ሦስት ሳምንት አልፎኝ ነበር። አንብቤው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት፣ ለእሱ አላነበብኩለትም።

ያንን በጻፍኩልዎ በሦስተኛው ቀን መካኒኩ ስፌት ቤቴ ድረስ መጣ። በር ላይ ቆሞ፣

«መኪናዋን መቼ ታመጪልኛለሽ?» አለኝ።

«ለምን?»

«ሞላውን ልግጠምልሽ ነዋ። ኮፍያው አልገባ ብሎኝ አጎትሽ እንዳለው ቶርኖ ቤት ሰጥቼው ነበር፤ ዛሬ ነው የደረሰልኝ።»

«ገጥመኸዋል እኮ» አልኩት።

«አሮጌውን መልሼ አስሬ ነው የሰጠሁሽ። ጥበቃው አልነገረሽም? ንገራት ብዬው ነው ለቅሶ የሄድኩት።»

አብሬው ሄድኩ። እርስዎ የላኩት አራቱም ሞላ ከነላስቲኩ፣ አሞርዛተሩም ከጎኑ፣ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ቁንጫ ሥር ተንበርክኬ አየሁ። ወፍራሙ ነው ያለው። ያ ያስጮኸው።

ቤት ገባሁ። ጋዜጣ እያነበበ ነበር፣ ከጋዜጣውም እየነገረኝ ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና ኮሌታዬ ላይ ከምሰካቸው መርፌዎች አንዱን አውጥቼ ቀኝ እግሩን፣ ያ አየር የሚያመውን፣ አውራ ጣቱን ወጋሁት። ወሬውን አላቋረጠም። ቁርጭምጭሚቱን ወጋሁት፣ ጉልበቱን ወጋሁት። ጭኑ ጋ ስደርስ ጋዜጣውን አወረደና እጄን አየ።

«ሞላው አልተገጠመም» አልኩት።

ጋዜጣውን አራት ቦታ አጠፈው።

«እንደዚያ መሰለኝ» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ፊት ወንበር ላይ ካደረግሽኝ ወዲህ እየደነዘዘ ሄደ። ያን ረቡዕ ጠዋት ስነሳ ጭራሽ የለም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መጀመሪያ የዳንኩ መስሎኝ ነው። በኋላ ደግሞ አንቺ ጉብታ ላይ ፊቴን ማየት ተውሽ። መንገዱን እያየሽ ትነጂ ጀመር። ሁለት ሦስት ቀን ይቆይላት ብዬ ነው።»

በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድኩት። ያከሙት ሐኪም የአጥንቱ ስባሪ ተንቀሳቅሶ ነርቩን ተጭኖታል አሉ። ሕመሙ ጥሩ ምልክት ነበር፣ መጥፋቱ ነው መጥፎው፤ የጠፋ ቀን ብትነግሩን ኖሮ አሉና ቀሪውን አልጨረሱትም። በሳምንቱ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና አደረጉለት። አሁን ከወገቡ በታች ምንም የለውም፣ ግራውም ሄዷል። ይመለስ ይሆን ብዬ ጠየቅኳቸው። «እንጠብቅ» ነው ያሉኝ። አስተያየታቸው ግን ለሚጠብቅ ሰው የሚሰጥ አልነበረም።

ጋሼ፣ እኔ ስምንት ወር ሙሉ ዝም የማሰኛ ነገር ስፈልግ ነበር። በዚያ ረቡዕ ደግሞ ከደስታዬ የተነሣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ነው የሄድኩበት።

አሁንም በሳምንት ሦስት ቀን እንሄዳለን። መካኒኩ ሞላውን ልግጠመው ወይስ ይቅር እያለ ይጠይቀኛል። ምን ልበለው?

ልጅዎ


ሐምሌ 2

ልጄ፤

ይህን በራሴ እጅ ነው የጻፍኩት። መስመሩ ቢወጣ ቢወርድ ታገሺኝ፤ የጻፍኩትን መልሼ አላየውም። ጎረቤቴ ደብዳቤሽን አንብባ ሳትጨርስ አቆመች። ምነው ስላት ውኃ ልጠጣ ብላ ወጣች፣ ተመልሳ እስክትጨርሰው መሸ። ለመልሱ ደግሜ ላስቸግራት አልፈለግኩም።

ምን እንደምልሽ ብዙ ቀን አሰብኩ። ጥፋቱ የማን ነው እያልኩ በየተራ ሁላችንንም ከሰስኩ፤ አንቺን፣ እሱን፣ ጥበቃውን፣ አብዝቼ ራሴን። የትም አላደረሰኝም። ሐኪም ብሆን የምልሽ ይኖረኝ ነበር። እኔ የማውቀው ከመኪና ሥር ያለውን ብረት ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን አላውቅም።

ስለ ብረቱ ግን ጠይቀሽኛል። አስገጥሚው። አራቱንም። እሱ ባይሰማውም አጥንቱ እንደሆነ ይናጣል፤ ለስብራቱም ለቁስሉም ለስላሳው ይሻለዋል። ደንዝዞ የተቀመጠ ሰው ቢጋጭ፣ ቢላጥ፣ እግሩ ከበሩ ሥር ቢጠመዘዝ አይነግርሽም። ስለዚህ ቀበቶውን ራስሽ እሰሪለት፣ እግሩን ራስሽ አስተካክዪለት፣ በየጉብታውም እንደ ድሮው ፊቱን ተመልከቺ። ሁለተኛ ማርሽ አታስገቢ።

እንደሚያመው አድርገሽ ንጂ።

አጎትሽ